ረጅም ጽሁፍ ስልክ ላይ ማንበብ ለምን ይደክማል? ስለ መስመር፣ ስለ ፎንትና ስለ ፊደላችን ቁመት

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር ጽሁፍና ፎቶኮፒ ነው ስራዬ። የተማሪ ሪሰርች ታይፕ አደርጋለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ አልፎ አልፎ ደሞ ሰው ሲጠይቀኝ ዌብሳይት ቢጤ እሰራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እኔን ባያስተምሩኝም ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ስለሚላቸው እኔም ቲቸር ነው የምላቸው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም ደብተር ይዘው በዛ ዝናብ መጡ። የልጅነታቸው ጅማ ነው የተጻፈበት፣ የሂርማታ ገበያ፣ አዌቱ ወንዝ ሲሞላ፣ ቡና የሚሰጣበት ግቢ፣ ብዙ ብዙ ነገር። ታይፕ ሲደረግ አርባ ምናምን ገጽ ወጣው። ኢንተርኔት ላይ ይውጣልኝ አሉ፣ እኔም ውጭ አገር የተሰራ ዝግጁ ቴም (የገጹ ልብስ በሉት፣ ፎንቱን፣ ቀለሙን፣ አቀማመጡን የሚወስነው ነገር) አወረድኩና ጽሁፉን ገልብጬ ለጠፍኩት። ማሳያው ላይ በእንግሊዝኛ ሲታይ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ።

በሳምንቱ ቲቸር መጥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "አንተ ልጅ፣ የገዛ ጽሁፌን አንብቤ መጨረስ አቃተኝ እኮ።"

ሌላው ሰው ሁሉ የሚለኝ ደሞ አንድ ነገር ነበር፣ የዘንድሮ ሰው ረጅም ጽሁፍ አያነብም። እኔ ይሄን ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ ወፍራም ልቦለድ ይዞ ጊቤን ሲሻገር ቀና የማይል ሰው በአይኔ አይቻለሁ። ያው ሰው ስልኩ ላይ ሶስተኛ አንቀጽ ሳይደርስ ይዘጋዋል። ሰውየው አንድ ነው፣ የተቀየረው ገጹ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ነገርየውን መቆፈር ጀመርኩ፣ ያገኘሁትን እዚህ በቀላሉ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ አይን እንዴት እንደሚያነብ። ስናነብ አይናችን መስመሩ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ ይመስለናል አይደል፣ አይደለም፣ እየዘለለ ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሰከንድ አካባቢ ያርፋል፣ የተወሰኑ ፊደሎች ያነሳል፣ ዘሎ ደሞ ሌላ ቦታ ያርፋል። ያልገባው ነገር ካለ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይሄ የሁላችንም ነው፣ ደካማ አንባቢ ስለሆንን አይደለም። መስመሩ ሲያልቅ ደሞ ትልቁ ዝላይ ይመጣል፣ ከቀኝ ጫፍ ተነስቶ እስከ ግራ ጫፍ ተመልሶ የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ መፈለግ። መስመሩ ረጅም ከሆነ ይሄ ዝላይ ኢላማውን ይስታል፣ ያነበባችሁትን መስመር ድጋሚ ታነባላችሁ ወይ አንድ መስመር ትዘላላችሁ። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደል፣ አርባ ገጽ ላይ ግን በየመስመሩ ትንሽ ትንሽ ስትስቱ ጭንቅላታችሁ ይዝላል፣ ድካሙ ከጽሁፉ የመጣ ይመስላችኋል፣ ጸሃፊው አሰልቺ ነው ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ምስኪኑ ጸሃፊ።

ይሄን እኮ አባቶቻችን ድሮ ያውቁት ነበር። የብራና መጽሐፍ አይታችሁ ከሆነ ብዙዎቹ ትልልቆቹ በሁለት አምድ ነው የተጻፉት፣ አንዳንዴም በሶስት። ቁም ጸሐፊው ሰፊ ገጽ አለው ግን ከዳር እስከ ዳር አይጽፍም፣ መጀመሪያ በወስፌ እየወጋ መስመሩን ያሰምራል፣ አምዱን ይከፍላል፣ ዙሪያውን ደሞ ሰፊ ህዳግ ይተዋል። ብራና ውድ ነው፣ ከቆዳ ነው የሚሰራው፣ ያንን ሁሉ ባዶ ቦታ የሚተወው ቦታ ተርፎት አይደለም። ጋዜጣም እንደዛው በአምድ ነው። ገጹን ከዳር እስከ ዳር መሙላት የመጣው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ማንም አሰምር ስለማይለን።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። በላቲን ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተለመደው ምክር አንድ መስመር ከ45 እስከ 75 ሆሄ ይሁን የሚል ነው። ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ዌብሳይት ስለመስራት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አለም አቀፍ መመሪያ ደሞ ከፍ ባለው ደረጃው ላይ ከ80 ሆሄ አይብለጥ ይላል፣ ለቻይንኛ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ ግን 40 ነው የሚለው። ለምን ግማሽ? ምክንያቱም የነሱ አንዱ ምልክት ብዙ ነገር ይሸከማል፣ ሰፊም ነው። እኛስ? የኛ ፊደል መሃል ላይ ነው የሚቀመጠው ባይ ነኝ፣ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ይዟል። ቅርባችን ያለውን ምሳሌ ውሰዱ፣ ቡና። በኛ ሁለት ፊደል ነው፣ በቁቤ ሲጻፍ አራት ሆሄ። ቤታችን የሚለው በአማርኛ አራት ፊደል ነው፣ በኦሮምኛ ማነ ኬኛ ስትሉት በቁቤ አስር ሆሄ ይፈጃል። እንግዲህ ለላቲን 70 ሆሄ ተብሎ የተሰራ መስመር ላይ አማርኛ ስትሞሉበት መስመሩ በጣም ብዙ ሃሳብ ይጭናል ማለት ነው፣ አይን ያን ሁሉ ተሸክሞ ነው ወደ ግራ የሚመለሰው።

እኔ ሞክሬ ሞክሬ የተመቸኝ በመስመር 40 ፊደል አካባቢ ነው፣ ስፔሱን ጨምሮ። የመጀመሪያው የቲቸር ገጽ በላፕቶፕ ሲከፈት ስንት ፊደል በመስመር እንደነበረው ስቆጥር ከ100 በላይ ነበር፣ ማፈሬን እናንተው ገምቱ። ዌብሳይት የምትሰሩ ልጆች ካላችሁ አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ፣ የአምዱን ስፋት በሲኤች መለኪያ አትስጡ። ሲኤች ማለት የመጀመሪያው ፎንት የዜሮ ቁጥር ስፋት ነው፣ ፎንቱ የላቲን ከሆነ ያ ዜሮ ከኛ ፊደል ስለሚጠብ 66 ሲኤች ስትሉ 66 ፊደል አያስገባላችሁም። በኢኤም ስጡት (አንድ ኢኤም የፊደሉን መጠን ያህል ነው)፣ 25 ኢኤም አካባቢ፣ ማለትም ፊደሉ 20 ፒክስል ከሆነ አምዱ 500 ፒክስል።

ስልክ ላይ ግን የመስመር ርዝመት ችግር አይሆንም፣ ስክሪኑ ራሱ ጠባብ ነው፣ 25 ፊደል ገደማ ነው የሚገባው። ስልክ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፣ መጠንና በመስመሮች መሃል ያለው ክፍተት።

የክፍተቱን ነገር ላስረዳችሁ ምክንያቱም እኔ ራሴ እስክረዳው ቆይቻለሁ። የላቲን ትንንሽ ሆሄያት አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ነው ወደ ላይ የሚወጣ ወይ ወደ ታች የሚንጠለጠል ያላቸው። ስለዚህ በሁለት መስመር መሃል ሳይፈልጉትም ነጭ ቦታ ይተርፋል። የኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም ከሞላ ጎደል እኩል ቁመት ነው፣ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ወታደር መስመሩን ከላይ እስከ ታች ይሞላዋል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተሰጠው 1.5 ክፍተት (የፊደሉ መጠን አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው) ለኛ ጥብቅ ነው የሚሆነው፣ መስመሮቹ ተደራርበው አንድ ጥቁር ግድግዳ ይመስላሉ። 1.7 ወይ 1.8 ስታደርጉት ገጹ ይተነፍሳል። ይሄ አንድ ለውጥ ብቻውን የቲቸርን ገጽ ግማሹን አዳነው ብል አልዋሸሁም።

መጠኑ ደሞ። ብሮውዘሮች በልማድ 16 ፒክስል ነው የሚጀምሩት። ለላቲን ይበቃል። በኛ ግን ቢ እና ቤ፣ ሊ እና ሌ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ እስቲ ልብ በሉ፣ ሳልሱ እግሩ ላይ አንድ ቀጥ ያለች ጭረት፣ ሃምሱ ላይ ትንሽዬ ቀለበት፣ በቃ። ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ቀለበት ትዘጋና ጭረት ትመስላለች። ሰው በግምት ያነበዋል እንጂ አያየውም፣ ግምቱ ሲሳሳት ደሞ ይመለሳል። ስለዚህ 18 ዝቅተኛው፣ 20 ቢሆን ይመረጣል፣ በተለይ መነጽር ቤት የረሱ እንደ ቲቸር ያሉ አንባቢዎች ካሏችሁ።

እና እነዚህ ሶስቱ፣ የፊደል መጠን፣ የመስመር ርዝመትና የመስመር ክፍተት፣ እንደ ጅማ በርጩማ ሶስት እግር ናቸው። አንዱን ብቻ ቆርጣችሁ ሌላውን ካልነካችሁት ይጋደላል። መጠኑን አሳድጋችሁ አምዱን ካላሰፋችሁ በመስመር አራት ቃል ብቻ ይገባና አይን እየተንጠባጠበ ይሄዳል። መስመሩን አርዝማችሁ ክፍተቱን ካልጨመራችሁ ደሞ መመለሻው ይጠፋል።

አሁን አንድ ማንም ዲዛይነር የማያነሳው ነገር፣ እኔ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። "ቲቸር ትናንት ማታ ከፈረንጅ አራዳ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዝናቡ ስለጠናባቸው ያገኙት ባጃጅ ላይ" ብዬ ላቁም። ምን ሆኑ? ተሳፈሩ? አልተሳፈሩም? ተጣሉበት? እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ አታውቁም፣ ሁሉን በእጃችሁ ይዛችሁ ነው የምትጠብቁት። እንዲህ ተሸክማችሁ እየሄዳችሁ መሃል ላይ መስመር ከጠፋችሁ የያዛችሁት ሁሉ ይበተናል፣ ከአረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ነው የምትነሱት። በዚህ ላይ ደሞ መጥበቅና መላላት አለ፣ ፊደላችን አያሳየውም። አለ የሚለው ላልቶ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ደሞ ይኖራል። ገና ላልቶ ያልደረሰ፣ ጠብቆ በአል። ይሄን የምንለየው ከአካባቢው ቃል ነው፣ አንዳንዴ ወደፊት አንብበን እንደገና ተመልሰን። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ከሌላው በበለጠ ወደ ኋላ የሚመለስበት ምክንያት አለው፣ ገጹ ቦታውን እንዳይጠፋበት ካላገዘው ማን ያግዘዋል?

ፎንትን በተመለከተ። ያወረድኩት ቴም አንድ የሚያምር የላቲን ፎንት ስም ይዞ ነው የመጣው። ያ ፎንት ውስጥ ግን አንድም የኛ ፊደል የለም። ብሮውዘሩ ምን ያደርጋል፣ የጎደለውን ከስልኩ ውስጥ ካለው ፎንት ይለቅምና ይሞላል። ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው የሚመጣው፣ ከቪስታ እስከ 8.1 ባሉት የቆዩ ዊንዶውሶች ላይ ኒያላ ነበር፣ እሱ ደሞ ስስና ትንሽ ነው። ስለዚህ ጸሃፊው ያየውና አንባቢው የሚያየው የተለያየ ነው፣ ቁጥሩ ደሞ ከላቲኑ ፎንት ስለሚመጣ 1966 የሚለው ከጎኑ ካለው ፊደል ጋር ቁመቱም ውፍረቱም አይገጥምም፣ ከሌላ ልብስ የተቆረጠ እራፊ ይመስላል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት መጀመሪያ ላይ ጥሩት፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይ አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ይገኛሉ፣ ለረጅም ንባብ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ፎንቱ እስኪወርድ ድረስ ጽሁፉ በስልኩ ፎንት ይታይ ብላችሁ ማዘዝም አትርሱ፣ አለዛ ኔትወርክ ሲደክም ሰው ባዶ ነጭ ገጽ ላይ ያፈጣል።

ያጋደለ ፊደል የሚባለውን ግን ተዉት። ለላቲን ራሱን የቻለ ታሪክ ያለው አጻጻፍ ነው፣ ለኛ ግን ብሮውዘሩ ዝም ብሎ ፊደሉን በግድ ነው የሚያዘምመው፣ ነፋስ የመታው አጥር ነው የሚመስለው። ደማቁም ቢሆን ፎንቱ የራሱ ደማቅ ከሌለው ብሮውዘሩ በዘፈቀደ ያወፍረዋል፣ የመ እና የው ቀዳዳ ይደፈናል። ማጉላት ከፈለጋችሁ የብራናው ሰዎች መንገድ አለላችሁ፣ ቀይ ቀለም። እኔ የቲቸርን ምእራፍ መግቢያዎች ጠቆር ያለ ቀይ አደረግኳቸው፣ ደስ አላቸው።

ዳርና ዳሩን እኩል ማድረግ ላይ ከቲቸር ጋር ተከራክረናል። እሳቸው መጽሐፍ እንዲመስል ሁለቱም ጠርዝ ቀጥ ይበል ነው የሚሉት። ችግሩ የኛ ቃል ይረዝማል፣ እንደሚያስፈልጋቸው የሚለው አንድ ቃል አስራ አንድ ፊደል ነው፣ 25 ፊደል በሚገባበት የስልክ መስመር ላይ እሱ ካልገባ ወደ ታች ይወርድና የቀሩት ሁለት ቃላት መስመሩን ለመሙላት ይራራቃሉ፣ መሃሉ ላይ ባጃጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። ድሮ ይሄ ችግር አልነበረም፣ ጸሐፊዎቹ ቃሉን የትም ቦታ ላይ ቆርጠው ቀሪውን ታች ይቀጥሉታል፣ የቃሉን መጨረሻ ሁለት ነጥብ ስለሚያሳይ ማንም አይሳሳትም። እኛ ሁለት ነጥቡን ጥለን በስፔስ ስንተካው ይሄንን ነጻነትም አብረን ነው የጣልነው። ቃሉን በራሱ የሚከፍል ብሮውዘር ቢኖርም አንዱ ላይ የሰራው ሌላው ላይ አይታመንም፣ ስለዚህ የግራውን ጠርዝ ብቻ ቀጥ አድርጎ ቀኙን መልቀቅ ነው የሚሻለው።

ስርአተ ነጥብ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት አትስሩት፣ ለአይን ይመሳሰላል እንጂ ለኮምፒውተሩ ሌላ ነገር ነው። ከሱ በፊት ስፔስ መምታትም ይቅር፣ መስመሩ እዛ ጋ ካለቀ አራት ነጥቡ ብቻውን ታች ወርዶ የሚቀጥለው መስመር ራስ ላይ ይቀመጣል። የቲቸር ጽሁፍ ውስጥ ይሄን ሳርም አንድ ሙሉ ከሰአት ፈጀብኝ፣ የመታሁት ደሞ እኔው ነኝ። ከዚህም የባሰው ከአመታት በፊት ሌላ ቦታ ያስጻፉት አንድ ምእራፍ ነበር፣ ዌብሳይቱ ላይ ስገለብጠው ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆነ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተሮች የጋራ መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ከዛ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች ፊደሉን በላቲን ሆሄ ቁጥሮች ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ያ ልማድ ከ1999 በኋላም ብዙ ቆይቷል፣ ፎንቱ ሲነሳ ታች ያለው ላቲን ይገለጣል። እንደገና ታይፕ አደረግኩት፣ ምን ይደረጋል።

ቀለም። በግራጫ መጻፍ ፋሽን ሆኗል፣ ነጭ ላይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ለማየት ዘመናዊ ነው። ያው ከላይ ያነሳሁት መመሪያ በጽሁፉና በጀርባው መሃል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን ይላል፣ ጥቁር በነጭ 21 ለ 1 ነው፣ ያ ፋሽን ግራጫ ግን ብዙ ጊዜ ከ3 ለ 1 በታች ነው። ቤት ውስጥ ትንሽ ይነበብ ይሆናል፣ ውጭ ጸሃይ ላይ ወይ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ላይ ግን የለም። ማታ መብራት ሲጠፋ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጭ ስክሪን አይን ይወጋል፣ ጥቁር ጀርባ ይሻላል፣ ግን ፍጹም ጥቁር ላይ ፍጹም ነጭ ፊደል አታድርጉ፣ ፊደሉ ያንጸባርቅና ጠርዙ ይሟሟል፣ በተለይ አይናቸው ጨረር የሚበትንባቸው ሰዎች ላይ። ደብዘዝ ያለ ነጭ፣ ጥቁር ግራጫ ጀርባ። አንባቢው ራሱ የሚቀይርበት ቁልፍ ካለ ደሞ ጭቅጭቅ የለም።

ሌላው ዝርዝሩ ብዙ አያሻውም፣ ከላይ ተለጥፎ አብሮ የሚወርድ ሰፊ ባነር፣ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ የሚጋረድ ፖፕአፕ፣ በጎን የሚርገበገብ ማስታወቂያ፣ ሁሉንም አወጣሁት። ፎቶ ላይ ግን ቆም ልበል። የቡና ግቢው ፎቶ ብቻ 4 ሜጋባይት ነበር፣ ያ ማለት አንባቢው ከጽሁፉ በላይ ለአንድ ፎቶ ነው ዳታ የከፈለው። አሳንሼ አስገባሁት። ደሞ ለፎቶው ስፋትና ቁመቱን ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ብሮውዘሩ ቦታ አይዝለትም፣ ሰው እያነበበ ፎቶው ድንገት ሲመጣ ጽሁፉ በሙሉ ወደ ታች ይዘላል፣ አንባቢው መስመሩን ያጣል። አርባ ገጽ ውስጥ አስር ፎቶ ካለ አስር ጊዜ ገፈተራችሁት ማለት ነው።

እዚህ ጅማ ደሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቲቸር አንዳንዱን ተረትና ምሳሌ በኦሮምኛ ነው የጻፉት፣ በቁቤ። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ፊደል፣ ሁለት ልክ። መጀመሪያ ለአማርኛው ብዬ ያስተካከልኩት ክፍተት ለቁቤው ሰፍቶበት ተበታተነ። የሰራሁት ምንድነው፣ በኮዱ ውስጥ እያንዳንዱ አንቀጽ ቋንቋው ምን እንደሆነ ምልክት ሰጠሁት፣ ከዛ ለአማርኛው 1.8 ለኦሮምኛው 1.6፣ የላቲኑንም ፎንት ትንሽ አስተካከልኩት። ያ የቋንቋ ምልክት ጽሁፍ እየጮኸ ለሚያነብላቸው አይነ ስውራን ሶፍትዌርም ይጠቅማል፣ በየትኛው ቋንቋ ድምጽ እንደሚያነብ የሚያውቀው ከሱ ነው።

አዲሱን ገጽ ከለጠፍኩ ከአራት ቀን በኋላ ማታ ስልኬ ጮኸ፣ ቲቸር ናቸው። ሰላምታም የለ፣ "አዌቱ የሚለውን አወቱ ብለህ ጽፈኸዋል" አሉኝ። የት ጋ ነው ስላቸው ጎርፉ ድልድዩን የሚያጥለቀልቅበት ቦታ ላይ ነው አሉ፣ እሱ ደሞ ከመጨረሻው ሶስት ገጽ ነው የሚቀድመው። እሺ አርማለሁ አልኩ። "ጠርዙንስ?" አሉኝ። የቱን ጠርዝ ቲቸር? "የቀኙን ነዋ፣ አሁንም እንደተቀደደ ነጠላ ነው።"